በላምበረት አትሂድ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰሚት፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለእህቴ ለዘሃራ ሱሌማን፤

አሰላሙ አለይኩም እትዬ። የመካ ፀሐይ አይክበድሽ፣ የሰው አገር ሥራ አይስበርሽ፣ አላህ ካሰብሽው ያድርስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ድምፅዋም ቁጣዋም እንዳለ ነው።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት እንደያዝኩ ይገርምሽ ይሆናል። አንቺ በደወልሽ ቁጥር እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ መሃላችን ካላስቀመጥኩት አትለቀኝም። የጻፍሽውንም "አንብብልኝ" ትላለች፤ አንድ መስመር ስዘል ከዓይኔ ታውቃለች። ስለዚህ ይህችን በነጋዴዋ በሸሪፋ እጅ ልኬልሻለሁ። መልስሽንም በሷው ላኪ፤ በስልክ አንድም ቃል እንዳትተነፍሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመምህር ደሞዝ ወሩን አላጋምስ ካለ ቆይቷል። የሒሳብ መምህራችን ይትባረክ ወገቡን ታሞ መቀመጥ ሲያቅተው፣ ቪትዝ መኪናውን "ቆማ ከምትበሰብስ ንዳትና እንካፈል" አለኝ። ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜና እሁድም፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እየነዳሁ ነው። ይኸው ወር ሞላኝ። እማዬ የምታውቀው የሰው ልጆች እንደማስጠና ነው።

ከመናደድሽ በፊት ትንሽ ላስቅሽ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪዬ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ የምትሄድ ሴት ነበረች፤ ጭኗ ላይ ቶርታ ይዛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ኢነርሺያ ያስተማርኩ የፊዚክስ መምህር፣ አንዲት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሳላይ ዘለልኩና ቶርታው የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ይባስ ብዬ "ጉዞ ጀምር" የሚለውን ሳልነካው ነው ለካ የነዳሁት፤ ስንደርስ ሒሳቡ ዜሮ ይላል። ሴትየዋ ቶርታውንም ዜሮውንም አየችና ሳቀች። ኮከብ ግን አልሰጠችኝም። ኮከብ ማለት ተሳፋሪ ሲወርድ ለሹፌሩ የሚሰጠው ማርክ ነው፤ ከአምስት ይታረማል። ተማሪ ሳርም የኖርኩት ሰውዬ አሁን በየቀኑ እታረማለሁ።

አውቃለሁ እትዬ። አባባ የሞተ ዕለት እማዬ "ከእንግዲህ መሪ የጨበጠ ልጄ አይደለም" ብላ ምላለች። እኔ ግን መሪውን ስይዝ እጄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም አባባ ከጎኔ የተቀመጠ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ስልክ መስታወቱ ላይ የሚይዝ ዕቃ እዚያ ይረክሳል አሉ። ከሆነልሽ አንድ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ሐሩን


የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካ

ለወንድሜ ለሐሩን፤

ወአለይኩሙ ሰላም። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አንተን ግን ዛሬ አልስምህም።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ማሽን እየጮኸ ነው። እኔም ጮኼያለሁ፤ የሰማኝ የለም እንጂ። ያኔ አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር። ኳስ ስታባርር ያለፈህን ደግሜ ልንገርህ፤ ሰምተኸዋል፣ ግን ገና አልገባህም።

አባባ የአብዱራሕማንን ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አብዱራሕማን ወሎ ሰፈር ጎማ ቤት ያለው፣ ሁሉ ያለው፣ መንጃ ፈቃድ ብቻ የሌለው ሰው ነው። አንድ እሁድ "እስኪ ልሞክራት" ብሎ መሪውን ከአባባ ተቀበለ። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ትበርህ የምትባል ቲማቲም ሻጭ ገጨ፤ ሴትየዋ እዚያው ቀረች። ፖሊስ ሳይደርስ አባባ እግር ላይ ወደቀ። "አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ፣ ይቀልልሃል፤ እኔ ያለ ፈቃድ ነድቼ ነፍስ አጥፍቼ አልወጣም። ልጆችህን እንደ ልጆቼ አያለሁ" አለው። አባባም እሺ አለ። በኋላ ጣቢያ ሊጠይቀው ሄዶ ቁርኣን አስይዞ አስማለው፤ ለሚስቱም ለልጆቹም እንዳይናገር። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ያ ሰው ምን አለ? "መኪናዬን ሳያስፈቅደኝ ነው የወሰዳት።" አራት ዓመት ተፈረደበት።

"እንደ ልጆቼ አያለሁ" ያለው አንድ ከረጢት ዱቄት ሆኖ ቀረ። እኔን ሊያጩ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች "የነፍሰ ገዳይ ልጅ አናገባም" ብለው ተመለሱ። አባባ ሲፈታ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቆ ስለነበር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና አጠበ፤ እዚያው ወሎ ሰፈር፣ የዚያ ሰውዬ ጎማ ቤት ፊት ለፊት። እውነቱን የተነፈሰው ሊሞት ሲል ነው። እኔ በስልክ ሰማሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ሐሩን።

እንግዲህ አንተ ደስ ብሎኝ ያዝኩት የምትለኝ ያን መሪ ነው። ነገ ዛሬ ሳትል መኪናውን መልስ። የስልክ መያዣውን ልኬያለሁ፤ ሸሪፋ ባዶ ፖስታ መያዝ ስለማትወድ ነው እንጂ እንድትነዳ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ያ ሰው በሕይወት አለ?

እህትህ ዘሃራ


መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰሚት

ለእህቴ ለዘሃራ፤

በዚህ በተከበረ ወር ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ። ዱአሽ ላይ እኔን አትርሺ፤ ዘንድሮ ያስፈልገኛል።

ጠይቅልኝ ላልሽው፣ አለ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

መኪናውን አልመለስኩም፤ እሱን በኋላ ተቆጪኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከወሎ ሰፈር ጥሪ ገባልኝ። ስሙ ኑራ ይላል። ስደርስ ኑራ በስልክ "ተሳፋሪው አያቴ ነው፤ ሳሊተ ምሕረት ነው የምታደርሰው፣ አደራ ቀስ ብለህ" አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ወጣና ከኋላ ተቀመጠ። መረቀኝ። እኔም "አሜን አባባ" እያልኩ ተነሳሁ።

በጉርድ ሾላ በኩል ያለው መንገድ ለሥራ ተዘግቶ ስለነበር ካርታው በላምበረት ዙር አለኝ። ሽማግሌው ከኋላ ሰምቶ፣

"በላምበረት አትሂድ ልጄ" አለኝ።

"አባባ፣ ሌላው ሩቅ ነው። ሒሳቡም ይበዛብዎታል።"

"ይብዛ። እኔ በዚያ ካለፍኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።"

ምን አስቤ? የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ በገርጂ አድርጌ ወደኛ ወደ ሰሚት አዞርኩት። ገርጂ ስንደርስ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። "አዎ፣ አብዱራሕማን ነኝ፣ የጎማ ቤቱ። ሐጁ ተሳካልኝ እኮ! ግንቦት ላይ ነው የምንበረው። ሽኝቱ ላይ እንዳትቀር" ይላል።

እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። በመስታወት አየሁት። አርጅቷል። እኔ አባባ ከሞተ ጀምሮ ስሰድበው የኖርኩት ወፍራም ሰውዬ የለም፤ ከሲታ አንገት ነው ያለው። እኛ ብሎክ በር ላይ ስናልፍ እማዬ ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። የምናገረውን ስደረድር መጣሁ፤ "የሱሌማን ልጅ ነኝ" ብዬ እጀምራለሁ፣ በር ቆልፌ ሁሉንም እነግረዋለሁ አልኩ።

ሳሊተ ምሕረት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ከዘራውን ይዞ ወደኔ ዘንበል አለና "ልጄ፣ አላህ ካለ ሐጅ ልሄድ ነው። መንገድ አስረዝሜ አስቸግሬሃለሁ፤ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ አፉ በለኝ" አለኝ።

እኔም "አፉ ብያለሁ አባባ፤ እርስዎም አፉ ይበሉኝ" አልኩት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እንዲያ ነው የሆነው። ከልጅነት ጀምሮ ሰው አፉ በለኝ ሲል ሌላ መልስ አልተማርንም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። ማንን ነው አፉ ያልኩት? የአባባን ነው የሰጠሁት ወይስ የረዘመውን መንገድ ብቻ? ደግሞ ገባሽ? ያልበደለውን ሹፌር አፉ በለኝ ይላል፣ ሊስትሮውንም ይል ይሆናል፤ የበደለውን ቤት ግን አንድ ቀን አላንኳኳም።

ማታ ስልኬን ስከፍት ኑራ አምስት ኮከብ ሰጥታኛለች። "ጨዋ ሹፌር፣ አላህ ያሳድገው" ብላ ጽፋለች። ያን ሳነብ አለቀስኩ።

ሐሩን


መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካ

ለሐሩን፤

ዒድ ሙባረክ። ሰላምታውን እዚህ ላይ ጨርሰናል።

አምስት ኮከብህን እንኳን ደስ ያለህ። አባባም ቢሆን እድሜ ልኩን ጨዋ ሹፌር ተብሎ ነው የሞተው። ለጨዋነቱ አራት ዓመት ሰጡት።

ሦስት ቀን ሙሉ ላንተ ስድብ ስፈልግ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ልቤን ያዘኝ፤ ያ ሰው ለአሥራ ስምንት ዓመት በላምበረት አላለፈም። እንግዲያው ያውቃል። ረስቶት ቢሆን ኖሮ አላህ ይፍረደው ብዬ ልተወው እችል ነበር፤ እያወቀ ግን አልተወውም። አልተኛለትም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። አባባ ከእስር ቤት ለሱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ምን እንደሚጽፍ አላውቅም፤ የሚለምን መስሎኝ አፍርበት ነበር። ያኔ እውነቱን መች አወቅን? አባቴ ሰው ገድሎ ነው የታሰረው ብዬ ነው የማምነው። ምግቡን በአጥሩ አቀብለውና መሬት መሬት እያየሁ እመለሳለሁ። ያ ሰው ደብዳቤውን ይቀበለኛል፣ መልስ ግን የለም። አባባ በመጣሁ ቁጥር "ምን አለሽ?" ይለኛል። አራት ዓመት ሙሉ ጠይቆኛል። ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው የላከውን ግን ያ ሰው ሳይከፍት መለሰልኝ። "ከእንግዲህ እንዳታመጪ" አለኝ፣ ጎማ በሚለውጡት ሰዎች ሁሉ ፊት። ለአባባ "ሰጥቼዋለሁ" ብዬ ዋሸሁት። ደብዳቤው እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው። በሦስት አሠሪ ቤት አልጋዬ ሥር ይዤው ዞሬያለሁ። አልከፈትኩትም፤ አማና፣ የሰው አደራ ነው፤ ስሙ የተጻፈበት የሱ ነው።

ይኸው በሸሪፋ እጅ ልኬልሃለሁ። በሽኝቱ ቀን ሂድ። በሰው ፊት ስጠው፣ ራሱ ይክፈተው። እንግዳው ሁሉ "አፉ ብለናል" ሲል አንተ አላልኩም በል። ሐቅ ያለበት ሰው ባለሐቁ ቆሞ ሳለ እንዴት ሐጅ እንደሚሄድ ሽማግሌዎቹ ይንገሩት። እንዲሰማ የምፈልገው ዝምታውን ነው፤ የኔ ሽማግሌዎች ሲቀሩ ቤታችን የነበረውን ዝምታ።

መኪናውን እንዳትመልስ። መሪው ለምን እጅህ እንደገባ አሁን ነው የገባኝ። ንዳ።

ዘሃራ


ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰሚት

እትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽም የአባባም ደረሱኝ። የአባባ ጽሑፍ ያው ነው፤ "ራ" ላይ ጭራዋን ያስረዝማል። ፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሽኝቱ ግንቦት 8 ዓርብ ሳሊተ ምሕረት ቤቱ ነው። ኑራ አሁን ስትፈልግ በቀጥታ ትደውልልኛለች፣ ደንበኛ ሆነናል። ነውር ነው አይደል? ልጅቷ ምንም አታውቅም። አያቷን ሁለት ጊዜ ደግሜ አድርሼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ "በላምበረት አትሂድ" ብሎኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ "እሺ አባባ" ብዬዋለሁ። ጥርሴን ነክሼ።

እማዬ ጠርጥራለች። ትናንት ሸሚዜን አሽትታ "የምታስጠናው ልጅ አባቱ ማደያ አለው እንዴ?" አለችኝ። ሳልመልስላት ደግሞ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንዳወቀች አላውቅም። አንቺን ነው የምሰማው፣ ግን እሷንም እየሰማኋት ነው።

ሸሪፋ ነገ ትበራለች፤ ከዚያ በኋላ ሐጅ እስኪያልፍ እንደማትመላለስ ነግራኛለች። የሚቀጥለውን በማን እንደምልክልሽ አላውቅም።

ሐሩን


ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሰሚት

ለእህቴ ለዘሃራ ሱሌማን፤

አላህ የልብሽን አድርሶልሻል፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ትናንት ሄድኩ። ግቢው ዳስ ተጥሎበት ሰው ሞልቶ ነበር፤ የወሎ ሰፈር ነጋዴ በሙሉ፣ ሦስቱ ወንዶች ልጆቹ፣ የመስጊዱ ኢማም። ኑራ አይታኝ "ሹፌራችን!" ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ተበላ፣ ዱአ ተደረገ። ከዚያ እሱ በከዘራው ተነስቶ "ጎረቤቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሳውቅም ሳላውቅም የበደልኳችሁ አፉ በሉኝ" አለ። ዳሱ በአንድ ድምፅ "አፉ ብለናል" አለ።

ተነሳሁ። "እኔ አላልኩም" አልኩ።

የፈለግሽው ዝምታ መጣ እትዬ። ማንኪያ እንኳ አልተሰማም። አንዱ ልጁ "ማነው ይሄ?" ሲል ኑራ "ሹፌሩ ነው" አለች። እኔም "የሹፌሩ ልጅ ነኝ፤ የሱሌማን" አልኩ። አብዱራሕማን ያን ሲሰማ ቁጭ አለ። ደብዳቤውን አውጥቼ "የእርስዎ ነው፤ ትንሽ ዘግይቷል" ብዬ ሰጠሁት። ሊከፍተው ሞክሮ ተወውና ወደ ኢማሙ ዘረጋው። ኢማሙ ተቀብለው ከፈቱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ምን እንደሚል ግን ከኔ ቀድመሽ ስሚው፤

"ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱራሕማን። ከዚህ አውጣኝ አልልህም። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ዱቄቱም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ይህን የምታመጣልህ ልጄ ዘሃራ ናት። ስንቄን ታቀብለኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። ላለመናገር የማልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ አልማልክም። ለሷ ብቻ ንገራት። እንዳልገደልኩ አንዷ ልጄ ካወቀችልኝ ሌላው ይበቃኛል።"

እትዬ፣ ይህን ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል። ግን ካንቺ ልደብቀው አልችልም፤ ያንቺ ነው።

ኢማሙ ወረቀቱን አጥፈው "አብዱራሕማን፣ ሰው እየጠበቀህ ነው" አሉት። ከዘራውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ "የነዳሁት እኔ ነኝ። ሱሌማን ከጎኔ ነበር። 'ቀስ በል፣ ቀስ በል' ይለኝ ነበር።" ትልቁ ልጁ ተነስቶ ከዳሱ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ አባባ ለዘጠኝ ዓመት መኪናውን ያጠበለት ሰው፣ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ደስ አለኝ። ሰው ሲዋረድ አይተህ ደስ አይበልህ ይባላል፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። ባየሽው ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። "በል እንግዲህ ልጄ፣ ሐቁን አወጣ፣ አፉ በለው" አሉኝ። እኔም አልኩ፤ "የኔን መኪና ውስጥ ብዬዋለሁ። አምልጦኝ ነው ያልኩት፣ ግን ያልኩትን አላጥፍም። እናቴም ያኔ እውነቱን ስትሰማ ለአላህ ትቼዋለሁ ብላለች። ደብዳቤውን የመለሰባት ልጅ ግን አለች። መካ ናት። ሐጅ ሲሄድ እሷን ፈልጎ ያግኝ።" ኢማሙ "ልክ ነው" አሉ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሰው ማን እንደሆነ አሁን አውቀሻል። አማና ብዬ በሱ እጅ ነው የላክሁት። አድራሻሽንም ሙሉውን አልሰጠሁትም፤ "መስፈላ ሰፈር፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት" ብቻ ነው ያልኩት። ልብስ ማጠቢያ ቤት እዚያ ስንት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ይዙር።

ማታ ለእማዬ ሁሉን ነገርኳት፤ መኪናውንም፣ ዳሱንም። በኋላ "የት ነው የቆመችው?" አለችኝና በዚያ ጉልበቷ አራት ፎቅ ወርዳ ከፊት ተቀመጠች። ሰሚትን ሁለት ጊዜ ዞርን። "አባትህ ሲያዞር እንዲሁ በአንድ እጁ ነበር፤ ሁለት እጅህን ተጠቀም" ነው ያለችው።

ነገ አያቷን ኤርፖርት እንዳደርስላት ኑራ እያለቀሰች ለምናኛለች። እሺ ብያታለሁ። ከሳሊተ ምሕረት ኤርፖርት አጭሩ መንገድ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን በላምበረት ነው የምወስደው።

ወንድምሽ ሐሩን


ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካ

ለወንድሜ ለሐሩን፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለእማዬ፤ ጉልበቷን የአራት ፎቁ ደረጃ አይንካት። ከማንበብህ በፊት፣ ሰውየው ገና ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ፖስታውን አገላብጠህ እይ። ጠርዙን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ፤ አሥራ ሰባት ጥልፍ ነው። ቁጠረው።

ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። አሥራ አራት ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብቶ ወጥቷል። እኛ ጋ ሲደርስ ነጭ እንደለበሰ በር ላይ ቆሞ "የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዘሃራ የምትባል" አለ። አወቅሁት። እሱ አላወቀኝም። "የማን ልጅ?" አልኩት። "የሱሌማን።" "ሱሌማን ምን ያደረገ ሰው ነው?" "ምንም" አለ። ማሽኑ ይጮሃል፣ "አልሰማሁም" አልኩት። "ምንም አላደረገም!" ብሎ ጮኸ። የደሴ ልጆች አሉ፣ የጅማ አሉ፣ ሁሉም ሥራ አቁመው አዩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሐሩን፣ ሦስተኛው ላይ ነው "ዘሃራ ማለት እኔ ነኝ" ያልኩት።

ደብዳቤህን ፊቱ ቆሜ አነበብኩ። ወንበር አልሰጠሁትም። የአባባ ቃል ላይ ስደርስ ግን እኔ ራሴ የታጠበው ልብስ ክምር ላይ ወደቅሁ። ዓይኔን ሲያጣ ነበር የሚጽፈው። እኔ እግሬን ሳይ እሱ ዓይኔን ይፈልግ ነበር። ይህን እያወቅሁ እንዴት እንደምተኛ ገና አልተማርኩም። ሰውየው "ልጄ" ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ "አትንካኝ፣ ከአረፋ በኋላ ና" ብዬ አባረርኩት።

ከአረፋ በኋላ መጣ። ልራራለት አልፈለግሁም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ልብሱን ተቀብዬ ከፍሎኝ አጠብኩለት። ላምበረት ላይ አውርደህ እንዳቆምከው ነገረኝ። ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች እዚያው እንዳሉ ነገረኝ። አባባ እስኪሞት በየዓመቱ ለትበርህ ሰደቃ ያወጣ እንደነበር እኔ ነገርኩት፤ አያውቅም ነበር። አለቀሰ። እንባው ምንም አላደረገልኝም። የትበርህን አፉታ እኔም አንተም ልንሰጠው አንችልም፤ ልጆቿን ፈልጎ ያግኝ። መኪና ቢፈልግ አንተ አለህ።

"መልስሽን ንገሪኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው" አለኝ። ይህን ፖስታ ሰጠሁት። "መልሴ እዚህ ውስጥ ነው። አማና ነው፤ ሳትከፍት ለወንድሜ አድርስ" አልኩት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፤ እንደዚያን ጊዜው በአንድ እጁ አይደለም።

እንግዲህ ክሩ ተቆርጦ ከሆነ፣ አብዱራሕማን ሆይ፣ ይህን የምታነበው አንተ ነህ። እዚህ ላይ አቁም። ከዚህ በታች ያለው አማና ላልበላ ሰው የተጻፈ ነው፤ ላንተ አይሠራም።

ክሩ እንዳለ ከሆነ ግን፣ ሐሩን፣ በሩን ዝጋና አንብብ። አባባ አራት ዓመት መልስ ጠበቀ። እሱም አራት ዓመት ይጠብቅ። ይደውልልሃል፣ መኪና ይጠራል፣ ከኋላ ተቀምጦ "እህትህ ምን አለች?" ይልሃል። "እያሰበችበት ነው" በለው። በጨዋ ደንብ በለው፤ አምስት ኮከብህን አታበላሽ። የትም ብትወስደው በላምበረት በኩል አድርግ። አራት ዓመት ባይደርስስ ትለኝ ይሆናል። ባይደርስ እዚያ አባባ አለ፤ የሚነግረው አያጣም።

በአረፋ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እጄ ሳሙና እንደያዘ አፉ ብዬዋለሁ።

እንዳትነግረው።

እህትህ ዘሃራ